እናቱን ማንም አልጠየቃት

ቅዳሜ በጠራራ ቀን መጋረጃ ዘግቶ የሚጋደም ሰው ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል። ፋንታሁን ግን አልታመመም፣ ማንንም አላኮረፈም፣ እንቅልፍም አልወሰደውም፤ ኖርዌይ በምትባል አገር፣ አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ በምትይዝ የተማሪ ክፍል ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ የገዛ ለቅሶውን ያስባል። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ጂንካ ላይ ሞቷል ተብሎ ሰው ተሰብስቦለት ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ አለመሞቱ ታወቀ። አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ የእናቱን ድምፅ ይጠብቃል። እናቱ ፀዳለ ገና አልደወለችም። «ሰዉን ልሸኝ፣ ከዚያ እኔው አስደውላለሁ» ብላለች አሉ፤ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፣ ይችኑ ብቻ። የሚያስፈራውም ይችው ናት። ሦስት ወር ሙሉ «መመረቂያ ጽሑፌን አስረክቤያለሁ፣ ውጤት ነው የምጠብቀው» ሲላት ኖሮ፣ ዛሬ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ውሸቱ ተዘርግፎላታል። ተመለስ ትለው ይሆን? ወይስ ከእንግዲህ የሚላትን ሁሉ «እሺ ልጄ» እያለች፣ ሳታምነው ትኖር ይሆን? ተመለስ ብትለው ይሻለዋል። የጂንካ ሥራውን ቢለምን ይመልሱታል፤ እናቱ የማታምነው ልጅ ሆኖ ግን የት ይገባል።

ደግሞ ዓይኑን ሲጨፍን፣ ይገርማል፣ ደስ ይለዋል። ሰው የራሱን ለቅሶ ሰምቶ ደስ ይለዋል እንዴ? ግን ይለዋል። ጋሽ ሣህሌ መጥተዋል፤ በእንሰት አጥር ምክንያት ስድስት ዓመት ከእናቱ ጋር ሳይነጋገሩ የኖሩት ጋሽ ሣህሌ። አግዳሚ ተሸክመው ነው የመጡት አሉ፣ ለዚያውም በዚያ ወገባቸው። ይህን ኤልያብ ነው የነገረው፤ ኤልያብ ሲያወራ ጨው መጨመሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ቢሆንም አግዳሚውን ከራሱ ሊያመጣው አይችልም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ቅጽ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እንደመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን አንድ አዳራሽ ሰበሰቧቸውና ማሪት የምትባል ረጅም ሴት፣ ጫማዋ የወንድ የሚመስል፣ ፊታቸው ቆማ ታወራለች። ጽሑፍ ከከበዳችሁ ኑ፣ የሚያግዝ ሰው አለን። ከአማካሪያችሁ ጋር ካልተግባባችሁ ኑ። እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ ኑ። ብቻችሁን መብላት ከሰለቻችሁ ረቡዕ ረቡዕ ሾርባ አለ፣ ኑ። ፋንታሁን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ጊዜ ኑ አለች። ይሄን ያህል ኑ የሚል መሥሪያ ቤት በዕድሜው አላየም። ጂንካ አራት ዓመት ቢሮ ሠርቷል፤ ቢሮ ሰውን የሚጠራው ወይ ለግምገማ ነው ወይ አንድ ነገር ጎድሎ ነው፣ በደህና ቀን ማን ማንን ይጠራል? እናም ካርዷን ተቀብሎ ፓስፖርቱ ውስጥ ከተታት፤ ለሁለት ዓመት እዚያው ተቀመጠች። ቅጿን ግን ሞላ። «አንድ ነገር ቢደርስብህ ለማን እንደውል?» ይላል። እስክሪብቶው የእናቱን ቁጥር ሊጽፍ ተነሣ፣ ከዚያ ቆመ። ምን ማለት ነው? እኔ ብሞት ለእናቴ በስልክ ሊነግሯት? ለብቻዋ፣ ኮረሪማዋን ፀሐይ ላይ እያሰጣች፣ አጠገቧ የሚይዛት ሰው ሳይኖር? መርዶ እንደዚያ አይነገርም። መርዶ ለጎረቤት ይነገራል፣ ጎረቤት ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ዘመድ «እናትህን ትንሽ አሟታል» ተብሎ ከያለበት ይጠራል፣ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። ስለዚህ የአለምነሽን ቁጥር ጻፈ። አለምነሽ ከእናቱ ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖር ባለሱቅ ናት፣ ስልኳ ጠፍቶ አያውቅም፣ ተከራይዋ ኤልያብም የመሬት ቢሮ ባለሙያ ስለሆነ እንግሊዝኛ ይችላል። ምን ያህል አስተዋይ ነኝ ብሎ ነበር ያን ቀን፣ ፊርማውን ሲያስቀምጥ።

ከዚያ ሦስተኛው ምዕራፍ መጣ። የሚያጠናው ስለ ኮረሪማ አደራረቅ ነው፤ የአሪ ሴቶች ከዛፍ ሥር ለቅመው፣ በክር ሰክተው ወይ ምንጣፍ ላይ ዘርግተው፣ መቼ ከጭስ እንደሚያርቁት፣ መቼ እንደሚያገላብጡት። ሦስተኛው ምዕራፍ ሲጽፈው እንደ ውሃ ነበር የፈሰሰለት፣ ከልጅነቱ ያየው ነገር ነዋ፤ ቅዳሜ ገበያ ከእናቱ ጎን ቁጭ ብሎ ፍሬውን በጥርሱ እየሰበረ «ይሄ ገና ነው፣ ይሄ ደርሷል» ሲል ያደገ ልጅ ነው። አማካሪው ምዕራፉን መለሰለት። በየገጹ ዳር በቀይ «ይህን ከየት አመጣኸው?»፣ ዝቅ ብሎ «ይህንንስ ከየት አመጣኸው?»፣ ቆጠረው፣ ሰላሳ አንድ ቦታ። ሰላሳ አንድ ጊዜ እናቱን ውሸታም ያላት መሰለው። መልስ ሊጽፍ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ የጂንካ ባልደረቦቹ በቴሌግራም «ዶክተር፣ መቼ ነው የምንቀበልህ?» እያሉ ሲቀልዱበት ቴሌግራሙን አጠፋው፣ ሲም ቀየረ። እናቱ ግን ቁጥር አታውቅም፤ የጠራ ሁሉ ልጇ ነው፣ ታነሣለች። ለእሷ ብቻ ይደውላል። «ጨረስክ ወይ?» ትለዋለች። «ጨረስኩ እማ።» እንዲህ ቀላል ነበር።

ከዩኒቨርሲቲው ሦስት ደብዳቤ በኢሜይል ደረሰው፤ ከማሪት ናቸው። አንዱንም አልከፈተም፤ ምን ቸገረው፣ ያውቀዋላ። የቀረ ሠራተኛ መጀመሪያ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፣ ሁለተኛ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ መሰናበት ነው። ራሱ በእጁ ስንቱን ሰው ሰሌዳ ላይ ለጥፏል፤ በሙጫ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ሲደርሰው «አለቀ» አለና ሻንጣውን ይዞ እንጆሪ ሊለቅም ገጠር ወረደ። እዚያ አሥራ ስድስት ቀን ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፣ ማታ በገበሬው ዋይፋይ ለእናቱ ይደውላል፣ «ምን እየሠራህ ነው?» ትለዋለች፣ «አርፌያለሁ እማ፣ ውጤት ነው የምጠብቀው» ይላታል፣ ጣቶቹ ቀይ ሆነው።

ማሪት በዚህ መሃል ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኩታለች። አንድ ተማሪ ሁለት ሳምንት ካልታየና ካልመለሰ በሩን ማንኳኳት አለባቸው፤ ካጡት ቅጹ ላይ ወዳለው ቁጥር መደወል አለባቸው። ሐሙስ ዕለት ከሰዓት ደወለች። አለምነሽ ስኳር እየመዘነች ነበር። የውጭ ቁጥር ስታይ ስኳሩን ትታ «ኤልያብ፣ ና እስቲ፣ ፈረንጅ ናት» አለች። ኤልያብ ተቀበለ። ፋንታሁን የሚባል ሰው ታውቃለህ? አውቃለሁ። ምኑ ነህ? ጎረቤት ነኝ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አግኝታችሁታል? ኧረ አላገኘንም፣ ስልኩም አይሠራም። ቤተሰቡ ደህና ናቸው? ደህና ናቸው። እባካችሁ አትደናገጡ፣ ደህንነቱን ለማወቅ ያህል ነው፣ ሰኞ እንደገና እደውላለሁ።

ኤልያብ ስልኩን መለሰላት።

«ምን አለችህ?» አለች አለምነሽ።

«አትደናገጡ አለች።»

«በደህና ሰው አትደናገጡ ይባላል?»

«ደግሞ ቤተሰቡ ደህና ናቸው ወይ አለች እትዬ። አጠገባቸው ሰው መኖሩን ለማወቅ ነው እንዴ?»

አለምነሽ ተቀመጠች። «ቀስ እያደረገች እያለማመደችን ነው። ለካ ፈረንጅም ያውቅበታል። ሰኞ ቁርጡን ልትነግረን ነው።»

ይሄን ፋንታሁን ሲያስበው ይስቃል፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ይቆማል። ምክንያቱም ማንም ሞኝ አልነበረም። ሁሉም ደንቡን ነው የሠራው። ሰኞ ድረስ መጠበቅ አይቻልም፣ ወሬው ቀድሞ እናቱ ጆሮ ከገባ ልትወድቅ ትችላለች፣ ደም ግፊት አለባት። ስለዚህ ለጋሽ ሣህሌ ተነገራቸው፣ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸውና። ጋሽ ሣህሌ ለፓስተሩ ነገሩ። ኦሞራቴ ዓሣ የሚነግደው ታላቅ ወንድሙ ተስፋሁን «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ና» ተብሎ ተደወለለት፤ እሱም እናቱ የሞተች መስሎት መንገዱን ሁሉ በአይሱዙ ላይ ሲያለቅስ መጣ፣ አንድ ኩንታል የደረቀ ዓሣ ሳያወርድ። አለምነሽ ቤት ገብቶ «የሞተው ፋንታሁን ነው» ሲሉት «እማዬስ?» አለ። «እማዬ ደህና ናት።» «ተመስገን» ብሎ እንደገና ማልቀስ ጀመረ፤ ተስፋሁን እንዲህ ነው፣ ለወንድሙ እንዳላዘነ እንዳይቆጠርበት ዛሬም እያስረዳ ይዞራል።

እና በዚህ ሁሉ ሰው መሃል፣ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ፀዳለ አጥሯ ውስጥ ኮረሪማ ታገላብጣለች። ለነገ ገበያ ታዘጋጃለች። ጎረቤቶቿ በአጥሩ ያይዋታል፣ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ከትናንት ወዲያ ከልጇ ጋር አውርታለች፣ ትናንትም አውርታለች፣ ዓርብ ማታም ስልኳ ጮኾ «እንደምን ዋልክ» ስትል ግድግዳው ማዶ አለምነሽ ሰምታታለች፤ «ምስኪን፣ ከተስፋሁን ጋር ነው የምታወራው» አለች። ተስፋሁን ግን አለምነሽ ቤት፣ ሶፋዋ ላይ ነበር የተቀመጠው። እንግዲህ ከማን ጋር እንደምታወራ አንድ ሰው ቢጠይቃት አልቆ ነበር። ግን ማን ይጠይቃል? «ፋንታሁን ደውሎልሽ ያውቃል ወይ በዚህ ሰሞን?» ብለህ እናትን ትጠይቃለህ? እንደዚያ ከጠየቅህ ነገርካት ማለት ነው። ነገሩን የምታውቀው አንዲት ሰው እሷ ነበረች፣ የማትጠየቀውም አንዲት ሰው እሷው ናት። ፋንታሁን ጣሪያውን እያየ ይሄን ያገላብጠዋል፤ በሰፈሩ ቢሆን እሱም አይጠይቃትም ነበር። እሱም አግዳሚ ይሸከም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል አርባ የሚሆን ሰው፣ የእድሩን ድንኳን አለምነሽ ደጅ ተክሎ፣ ፀዳለ በር ላይ ቆመ። ፓስተሩ አንኳኳ። ፀዳለ ነጠላዋን ደርባ ከፈተች። ጋሽ ሣህሌን አየች፣ አግዳሚውን አየች፣ ተስፋሁንን ከነዓሣ ሽታው አየችው።

«ማን ነው?» አለች።

ፓስተሩ «እታለም፣ ጌታ የሰጠውን...» ብሎ ሲጀምር አለምነሽ አልቻለችም፣ «ፋንታሁንዬ» ብላ ለቀቀችው። ሰፈሩ ተከተላት።

ፀዳለ ቆማ ሰማች። ከዚያ፣ ኤልያብ እንደሚምለው፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገችና «ማታ ያወራሁትን ልጅ ነው የምታለቅሱልኝ?» አለች።

ለቅሶው እንደ ዝናብ ቆመ። «የስንት ሰዓት ማታ?» አለ ኤልያብ፣ ቢሮ እንዳለ ሁሉ። «ዜናው ሳይጀምር» አለች። «ምን አለሽ?» «ጨርሼ አርፌያለሁ አለኝ።» በዚህን ጊዜ ነው ኤልያብ፣ አፉን ምን እንደከፈተው እሱም አያውቅ፣ «እንዴት ይጨርሳል፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አጥቶት እየፈለገው» ያለው። ፀዳለ ወደ ኤልያብ ዞረች። ወደ አጥሩ ዞረች። ከዚያ «ግቡ፣ ቁሙ አልላችሁም፣ አግዳሚ እንደሆን ይዛችኋል» አለች።

ፋንታሁን ማለዳ በአውቶቡስ ከገጠር ተመልሶ በሩ ላይ የማሪትን ወረቀት አገኘ፤ አጠገቡ ያለው የኔፓል ልጅ «ሁለት ጊዜ መጥታለች፣ ያለቀሰች ይመስለኛል» አለው፤ ደንግጦ ለኤልያብ ደወለ፤ ኤልያብም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረገፈለት። ከዚያ ወዲህ ነው እዚህ የተጋደመው። ስድስት ሰዓት ተኩል። ሰው አልተሸኘ ይሆናል፣ ዓሣው ተጠብሶ እየተበላ ነው ይላል ኤልያብ፣ ተስፋሁን መቼም ይዞት አይመለስ። ሰባት ሰዓት። ዝም ብሎ ከመጋደም ብሎ ደብዳቤዎቹን ከፈተ። አንደኛው «እንዴት ነህ? አላየንህም» ይላል። ሁለተኛው «የጽሑፍ ረዳታችን ሐሙስ ነፃ ናቸው፣ ሌላ ቀን ከፈለግህም እናመቻቻለን» ይላል። ሦስተኛው፣ ያ መሰናበቻ ነው ያለው፣ አራት መስመር ነው፦ ቦታህ አለ፣ ሦስት ወር ተጨማሪ ጊዜ ጠይቀንልሃል፣ ምንም ማስረዳት የለብህም፣ ደህና መሆንህን ብቻ ንገረን። ደግሞ አነበበው። ሙጫው ትዝ አለው፣ ሰሌዳው፣ የለጠፋቸው ስሞች። እስቲ ከእነዚያ ውስጥ የአንዱን በር ሄጄ አንኳክቼ ነበር? አንዱንም። ስልኩን አነሣና ለማሪት መልስ ጻፈ፣ አንዲት መስመር፦ ደህና ነኝ፣ ሰኞ እመጣለሁ።

ስልኩ ጮኸ። የኤልያብ ቁጥር ነው። ድምፁ ግን የኤልያብ አይደለም።

«የእድሩን ድንኳን እስካሁን አላፈረሱም» አለች ፀዳለ። «ዝናብ ሊመታው ነው።»

«እማ።»

«ኮረሪማዬም ገበያ ሳይወጣ ቀረ። አልጨረስክም አይደል?»

«አልጨረስኩም።»

ከጀርባዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል፣ አለምነሽ ትስቃለች።

«እኔ ሳላውቅ ስንት ሰው አውቆ ነበር?»

«ማንም አያውቅም ነበር እማ። ላንቺም ለማንም አልተናገርኩም።»

«ብቻህን ይዘኸው ነበር ማለት ነው። ሦስት ወር?»

«አዎ።»

«ሞኝ» አለች፣ ግን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ያቺ የደወለች ሴት ምንህ ናት?»

«የቢሮ ሠራተኛ ናት።»

«ዘመድህ ያደረግሃት ናት?»

«ኧረ አይደለችም፣ ሁለት ጊዜ ነው ያየኋት።»

«ልታገባህ ነው?»

«እማ፣ የልጅ ልጅ ሳይኖራት አይቀርም።»

«ታዲያ ምን አግብቷት ፈለገችህ?»

«ሥራዋ ነው።»

«ሰው መፈለግ?»

«እዚህ ሥራ ነው። ተማሪ ሲጠፋ ይፈልጋሉ።»

«ደመወዝ ይሰጧታል?»

«ይሰጧታል።»

«ይገባታል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ አገር ቢወድቅ ማን በሩን ያንኳኳለታል እያልኩ ነው የምተኛው። ለካ የሚያንኳኳ አለህ። ነገርከኝ እንዴ? ውጤቱን ስትዋሽ ይችን እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት። በል ስማኝ። ውሸትህን ከዛሬ በኋላ አልሰማም። አልጨረስኩም ካልክ አልጨረስኩም በል፣ እኔ ያልጨረሰ ልጅ አላፍርበትም፤ የተለቀሰለት ልጅ ይዤ አይደል ያለሁት። ደግሞ ለሴትዮዋ ቁጥሬን ስጣት።»

«አንቺ እንግሊዝኛ አትችይም።»

«እሷስ አሪኛ ትችላለች? ስምህን ትጥራልኝ፣ እኔ የማውቀውን እነግራታለሁ። የአለምነሽን ቁጥር ሰርዝ። እንደገና እኔን ሳይጠይቁ አርባ ሰው በሬ ላይ እንዲያቆሙብኝ አልፈልግም።»

ስልኩ ሲዘጋ መጋረጃውን ከፈተና ተኛ። በቀን፣ በዚያ ሁሉ ብርሃን፣ እስከ ማግስቱ።

ሰኞ የማሪት ቢሮ ሄደ። ማሪት ስታየው ተነሥታ ቆመች፣ ልታቅፈው ፈልጋ እጇን ብቻ ዘረጋች። ምንም አልጠየቀችውም። የጽሑፍ ረዳቱ፣ መነጽራቸው በገመድ የታሰረ ሽማግሌ፣ ሰላሳ አንዱን ቀይ ጥያቄ አንድ በአንድ አዩና «እውነት ከየት ነው ያመጣኸው?» አሉት። «ከእናቴ ነው» አለ፣ አንገቱን ሰብሮ። «ታዲያ እንደሱ ብለህ ጻፋ» አሉ ሽማግሌው፤ «ደውለህ አንድ በአንድ ጠይቃት፣ የነገረችህን መዝግብ፣ ስሟን፣ ቦታዋን፣ ቀኑን አስፍር።» ፋንታሁን ሰውየውን ትክ ብሎ አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቃት ያለው ሰው አልነበረም።

ሲወጣ ማሪት ቅጿን አወጣች። የአለምነሽን ስም ሰረዘ፣ ፀዳለ ብሎ ጻፈ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ «የምትናገረው ቋንቋ» የሚለው ቦታ ላይ አሪኛና አማርኛ ብሎ ሞላ። ማሪት ቋንቋውን አነበበች፣ ግራ ገባት፣ «እንግዲህ ቁጥሩ መሥራቱን ልሞክር» ብላ እዚያው ደወለች። በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ። ማሪት ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ሌላ ምን እንደምትል ስላላወቀች፣ «ፋንታሁን» አለች።

«አለ» አለች ፀዳለ፣ ከጂንካ፣ ቢሮው ሁሉ እስኪሰማ። «አንቺ ጋ ነው ያለው፣ ሰኞ እሄዳለሁ ብሎኛል። ካልመጣልሽ ለእኔ ደውዪ።»

ማሪት ወደ ፋንታሁን ዞራ እናቱ ምን እንዳለች በዓይኗ ጠየቀችው። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ይስቅ ነበር። ማሪትም ጠብቃ ጠብቃ ቅጹ ላይ ከስልክ ቁጥሩ ጎን «ታነሣለች» ብላ ጻፈችና መዝገቡን ዘጋች።